ለሕፃናት የመጀመሪያው የዜማ መሣሪያ፦ ምርጫውና ቅደም ተከተሉ

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ዘንድ የሚቀርብ አንድ የተለመደ ጥያቄ አለ። «ልጃችን በገና እንዲማር እንፈልጋለን፤ የት እንመዝግበው? ምን ዓይነትስ እንግዛለት?» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ልጅን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለማሳደግ ካለ ፍላጎት የመነጨ ነውና። ይሁን እንጂ የልጁ ዕድሜ ሲጠየቅ አምስት ወይም ስድስት ዓመት መሆኑ ይነገራል። በገናው ይገዛል፤ ልጁም ለጥቂት ሳምንታት ይሞክራል። ከዚያም በገናው ከሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለበገናው የወጣው ገንዘብ ቀላሉ ጉዳት ነው። የሚከብደው ሕፃኑ ከሙከራው ይዞት የሚወጣው አሳብ ነው። ክንዱ ያልደረሰበትን መሣሪያ ታቅፎ ያልቻለ ልጅ «መሣሪያው አልመጠነኝም» ብሎ አያስብም፤ «እኔ አልችልም» ብሎ ይደመድማል። በዚህ ዕድሜ የተያዘ እንዲህ ያለ አሳብ ልጁን ከመዝሙርም ከዝማሬ አገልግሎትም ሊያርቀው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ መሣሪያዎች ከሕፃናት ዕድሜና አቅም አንጻር አንድ በአንድ እንመለከታለን። አቋማችንንም አስቀድመን እንናገራለን፦ ለብዙ ሕፃናት የመጀመሪያው መሣሪያ በገና ሊሆን አይገባም፤ በገና ከብዙ ዝግጅት በኋላ የሚደረስበት ነው።

ከመሣሪያ በፊት ያለው መሣሪያ

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው። ወደ ዜማ ቤት የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ከበሮ ወይም ጸናጽል አይሰጠውም። ከመምህሩ አፍ እየሰማ በቃሉ ያጠናል፤ የተቀበለውን መልሶ ያዜማል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ እንደገና ያዜማል። የዜማ መሣሪያ በሙሉ ሥርዓቱ የሚገባው በአቋቋም ቤት ነው። በዚያም ቢሆን ቅደም ተከተል አለው። ቁም ዜማ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ዝማሜው በመቋሚያ ይከተላል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት ከዚያ በኋላ በመረግድና በጽፋት፣ በወረብም ነው። በቤተልሔም ድጓ ያስመሰከሩም ሆኑ በጎንደር በዓታ አቋቋም ያስመሰከሩ ሊቃውንት በዚሁ መንገድ አልፈዋል፤ ጆሮና ድምፅ ይቀድማሉ፣ እጅ ይከተላል።

ይህ ሥርዓት ለሕፃን ልጅም ፍጹም ተስማሚ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የመጀመሪያ መሣሪያው የገዛ ድምፁና ሁለት እጆቹ ናቸው። እናቱ ሥራ እየሠራች የምታዜመውን አጭር መዝሙር እየሰማ የሚከተል፣ በቅዳሴ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር «አሜን» ሲል ድምፁን ከሌሎቹ ጋር የሚያስማማ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲጨበጨብ ምቱን የሚጠብቅ ሕፃን የዜማ ትምህርት ጀምሯል። ወላጆች ለዚህ ምንም መግዛት አያስፈልጋቸውም።

መሣሪያ ለመጀመር መድረሱን ለማወቅም ቀላል መንገድ አለ። አጭር የመዝሙር ሐረግ አዚሙለትና መልሶ እንዲያዜም ጠይቁት። ዜማው ሲወጣ ድምፁ የሚወጣ፣ ዜማው ሲወርድ አብሮ የሚወርድ ከሆነ ጆሮው ዝግጁ ነው። ገና ካልሆነ ግን ልጁ «ተሰጥኦ የለውም» ማለት አይደለም፤ ገና አልሰማም ማለት ነው። ብዙ ከሰማ ይስተካከላል። በዚህ ነገር የሚቸኩሉ ወላጆች የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ማስታወስ ይገባቸዋል። ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባው ብሎ ለዓመታት የተቸገረው፣ ተስፋ ቆርጦም ከጠፋ በኋላ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች የምትሞክረውን ትል አይቶ የተመለሰው ብላቴና ነው በኋላ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያዜመልን። ታሪኩን ለልጆች መተረክ ራሱ የዜማ ትምህርት መግቢያ ነው፤ ልጆች ትሏን ፈጽሞ አይረሷትም።

ከበሮ፣ መቋሚያና ጸናጽል

ለአብዛኞቹ ሕፃናት በእጃቸው የሚይዙት የመጀመሪያ መሣሪያ ከበሮ ቢሆን እንመርጣለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከበሮ መቃኘት አያስፈልገውም፤ ሕፃኑ በመታው ጊዜ ሁሉ መልስ ይሰጠዋል፤ የዜማ ሁሉ መሠረት የሆነውን ምት ያስተምረዋል፤ ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጋር የሚመታ በመሆኑም ሌላውን መስማትና መጠበቅ ያለምደዋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም። የሚዘምሩትን ሳይሰማ የራሱን ምት የሚያስኬድ ከበሮ መቺ መዝሙሩን ምን ያህል እንደሚያውክ ጉባኤ የተካፈለ ሁሉ ያውቃል።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ውስጡ ከተቦረቦረ ግንድ የሚዘጋጅ፣ ሁለቱም አፎቹ በቆዳ የተለጎሙ፣ አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ ነው፤ አሁን አሁን ከቆርቆሮ የሚሠራም አለ። ለአዋቂ የተሠራው ለሕፃን ትከሻ የማይቻል ሸክም ነው። ስለዚህ ለሕፃን ሲመረጥ መጠኑ በዚህ ይታወቅ፦ ልጁ ተቀምጦ ከበሮውን ከፊቱ አግድም ሲያኖር፣ ትከሻውን ሳያነሣና ሳይንጠራራ ሁለቱን አፎች በሁለት እጆቹ መንካት አለበት። ቆሞ የሚመታበትን ማንገቻ ለማንጠልጠል አትቸኩሉ፤ አንገትና ወገቡ እስኪጠና ድረስ ተቀምጦ ይምታ። ልሙጥና የሁለቱ አፎቹ ድምፅ አንድ ዓይነት የሆነ ከበሮ ደግሞ አይጠቅመውም። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ካልሰጡ ሕፃኑ የምቱን አካሄድ ለይቶ ሊሰማ አይችልም።

ከበሮ ለሕፃናት የሚመረጠው ለሌላም ምክንያት ነው፤ ትምህርተ ሃይማኖትን በእጅ ዳስሶ ለመማር ያስችላል። ሊቃውንቱ ሰፊውን አፍ በመለኮቱ፣ ጠባቡን አፍ በትስብእቱ ይመስሉታል፤ ዙሪያውን የተጠፈረውን ጠፍር በጌታችን ሥጋ ላይ በታየው የግርፋት ሰንበር፣ ማንገቻውን እርሱ በታሰረበት ገመድ፣ መመታቱንም አይሁድ እርሱን በመምታታቸው ያመሠጥሩታል። ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ይህን ከአፍ ቢነገረው ይረሳዋል፤ ጠፍሩን በጣቱ እየዳሰሰ ከሰማው ግን አብሮት ያድጋል። እንዲህ የተማረ ልጅ ከበሮውን እንደ መጫወቻ እንደማይወረውረው አይተናል።

ከጅምሩ መታወቅ ያለበት ሌላው ነገር ጊዜው ነው። በዐቢይ ጾም ማኅሌቱ ያለ ከበሮና ጸናጽል፣ በመቋሚያ ዝማሜ ይፈጸማል። ሕፃኑም በጾሙ ወራት ከበሮው በጨርቅ ተሸፍኖ እንዲቀመጥ ቢደረግ፣ በትንሣኤ ሌሊት ሲገለጥ የሚሰማው ደስታ የበዓሉን ትርጉም ከብዙ ስብከት በላይ ያስረዳዋል። በነዚያ ሳምንታት መቋሚያ መስጠት ይቻላል። ለልጅ የሚሆን መቋሚያ ብብቱ ሥር የሚደርስ ቀላል በትር ነው፤ በዝማሜ ወደ ቀኝ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ማለቱ ሰውነቱን በሙሉ ከዜማው ጋር ያስማማዋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሁለት ወንድማማቾች አንድ አንድ መቋሚያ ከያዙ ጦርነት መጀመሩ አይቀርምና አዋቂ ሰው ከአጠገባቸው አይለይ።

ጸናጽል ከእነዚህ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ከብረት የሚሠራ በመሆኑ ጠርዙ ለትንንሽ ጣቶች ሹል ሊሆን ይችላል፤ ድምፁንም በምቱ ላይ በትክክል ለማሳረፍ የእጅ አንጓ መጠንከር አለበት። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከበሮውን ከለመደ በኋላ ቢይዘው አይቸገርም። ነቢዩ ዳዊትና እስራኤል በታቦቱ ፊት ሲያመሰግኑ ጸናጽልም እንደ ነበረ (2ኛ ሳሙ. 6፥5) በዚያው ሊነገረው ይችላል።

ክራር፦ የመጀመሪያው ባለ አውታር

ስለ ክራር ስንናገር አንዳንድ ወላጆች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ክራር በየመጠጥ ቤቱና በየዘፈኑ ሲሰማ ስለኖረ ለልጃቸው አይመርጡትም። መሣሪያ ግን ራሱ ኃጢአት አይሠራም፤ የሚመዘነው በሚዜምበትና በሚዜምለት ነው። ክራር በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን መዝሙራት ዘንድ የታወቀ መሣሪያ ነው። መዝሙረ ዳዊትም በመጨረሻው ምዕራፍ (መዝ. 150) ልዩ ልዩ የዜማ መሣሪያዎችን ሁሉ ለምስጋና ይጠራል። በእኛ አስተያየት ለሕፃን ከክራር የተሻለ የመጀመሪያ ባለ አውታር መሣሪያ የለም።

ክራር ትንሽና ቀላል ነው፤ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ በጭኑ ላይ አሳርፎ፣ በደረቱ አስደግፎ ሊይዘው ይችላል። አውታሮቹ አብዛኛውን ጊዜ 6 ናቸው፤ 5 የሆኑበትም አለ። በአምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይዞ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ ባለ ደረጃ ይደግማል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። ጣት በየአውታሩ ላይ ሲያርፍ ድምፁ አስቀድሞ የተቃኘ ስለሆነ፣ ሕፃኑ ድምፁን ፍለጋ ሳይደክም የሚያውቀውን መዝሙር ፈልጎ ያገኛል። በመጀመሪያው ወር ውስጥ አጭር መዝሙር በአንድ በአንድ ጣት ሲያወጣ ፊቱ የሚያሳየውን ደስታ ያየ ወላጅ በገናውን ለጊዜው ይረሳዋል።

ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። ግርፍ የሚባለው በቀኝ እጅ በመምቻ አውታሮቹን ሁሉ እየገረፉ በግራ ጣቶች የማይፈለጉትን መያዝ ነው። ድርድር የሚባለው በጣቶች አንድ በአንድ እየነኩ ማዜም ነው። ለሕፃን ከድርድር ቢጀመር እንመክራለን፤ የእያንዳንዱን አውታር ድምፅ ለይቶ ያውቃል፤ ጣቶቹም ኋላ ለበገና የሚያስፈልጋቸውን ነፃነት ከወዲሁ ይለምዳሉ። ክራርን እንደ በገና ደጅ ማየት የሚቻለው ስለዚህ ነው። በክራር ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ ልጅ ወደ በገና ሲሸጋገር አዲስ ነገር የሚሆንበት መጠኑ፣ የድምፁ ጥልቀትና የመንፈሱ እርጋታ እንጂ የጣት ሥራው አይደለም።

ስትመርጡ አውታሩ ናይለን የሆነውን ምረጡ፤ የብረት ሽቦ የሕፃን ጣት ያሳምማል፤ የታመመ ጣት ደግሞ ልምምድ ይጠላል። ገበቴው ከእንጨት ወይም ከብረት ጎድጓዳ ሳሕን ሊሠራ ይችላል። የእንጨቱ ድምፅ ለስለስ ያለ ነው፤ የብረቱ ሲወድቅ አይሰነጠቅም። ስድስት ዓመት ልጅ ላለበት ቤት የትኛው እንደሚሻል ወላጅ ያውቃል።

ዋሽንትና መሰንቆ

ዋሽንትን በአጭሩ እንለፈው። በገጠር የሚያድጉ እረኞች ሸምበቆ ቆርጠው በራሳቸው ስለሚሠሩትና ስለሚነፉት ለልጅ ቀላል ይመስላል። ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። ነገር ግን በአፉ ጫፍ ላይ ትንፋሽን በትክክለኛው አቅጣጫ አድርጎ ድምፅ ማውጣት ራሱ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ብዙ የሚነፋ ጀማሪም ራሱን ያዞረዋል። የፊት ጥርሶቹ በሚነቀሉበት ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ይቸገራልና ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ይበጃል። አራቱ ቀዳዳዎች በጣቶቹ ስፋት ልክ የተጠጋጉበትን አጭሩን ዋሽንት ምረጡ። ዋሽንት ከተሠራ በኋላ እንደ ክራር አይቃኝም፤ ስለዚህ ከሌሎች ጋር የሚነፋ ከሆነ አብሮ የሚሄደውን መምህሩ ይምረጥለት። ወንድምና እኅት በአንድ ዋሽንት አይጠቀሙ።

መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ከሁሉ ቀላል የሚመስለው ሰው አለ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። አውታሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት ምንም ምልክት የለውም። ድምፁን የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነው። ቀኝ እጅ ደጋኑን ሲገዘግዝ ግራ እጅ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጆሮው በዜማ የበሰለ የዐሥር ዓመት ልጅ ሊወደው ይችላል፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ለወራት ከሲጥሲጥታ በቀር የሚወጣ ነገር አይኖርም፤ ቤተሰቡም አብሮ ይፈተናል።

በገና መቼ?

በገናን ወደ ኋላ ያቆየነው ስለምናከብረው ነው። ቅዱስ ዳዊት በሳኦል ፊት በደረደረ ጊዜ ንጉሡ ያረፈበት፣ ክፉው መንፈስም የራቀበት (1ኛ ሳሙ. 16፥23) መሣሪያ ተብሎ በአባቶቻችን ዘንድ የተያዘ ነው። ዐሥሩ አውታሮች በዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱ ምሰሶዎች በብሉይና በሐዲስ ኪዳን ይመሰላሉ። በቅዳሴ አይገባም፤ ሰው በጓዳው፣ በተለይም በዐቢይ ጾም፣ ኃጢአቱን እያሰበ የሚጸልይበት ነው። መዝሙሮቹም ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ዓለም ከንቱነት የሚያስቡ ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ በተፈጥሮው መሮጥና መዝለል የሚወድ ፍጡር ነው፤ እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ፈጥሮታል። ያን የመሰለ ጸጥታ ያለ ዕድሜው ብንጭንበት ወይ ያስመስላል ወይ ይሸሻል።

የአካሉም ነገር አለ። በገና ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል፤ ተቀምጦ በግራ በኩል ተደግፎ ይደረደራል። ከሕፃኑ ቁመት ጋር የሚተካከል መሣሪያ ማለት ነው። በበርኩማው ላይ በአውታሩ ሥር የምትገባው እንዝራ ያን የሚታወቀውን የሚነዝር ድምፅ ትሰጣለች፤ እርሷን በትክክል ማስቀመጥ ለአዋቂም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዐሥሩ አውታሮች በተለመደው አደራደር ሁሉም አይነኩም፤ የቀሩት ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ይህን ለመቆጣጠር የጣቶቹ ርዝመት ወሳኝ ነው። በቀድሞ ጊዜ አውታሩ የሚዘጋጀው ከበግ አንጀት ነበር፤ ዛሬ በናይለን መተካቱ መቃኘቱን አቅልሎታል፤ ቢሆንም ዐሥር አውታር ቃኝቶ መጠበቅ የሕፃን ሥራ አይደለም።

እንግዲህ መቼ ይጀመር ለሚለው፣ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው እንላለን። በበገና ድርደራቸው በአገር ውስጥም በውጭም የታወቁት መጋቤ ስብሐት አለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል መማር የጀመሩት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። ዘግይተው አልጀመሩም፤ ተዘጋጅተው ጀመሩ። ልጅ ሴት ብትሆንስ የሚሉም አሉ። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው፤ ለሴት ልጅ የተለየ መከልከያ የለም፤ የመጠንና የዕድሜው ምክር ለሁለቱም አንድ ነው።

ለሕፃናት ተብለው አነስ ተደርገው የሚሠሩ በገናዎች መኖራቸውን እናውቃለን። ጥቅም የላቸውም አንልም። ይሁንና የድምፅ ሳጥኑ ሲያንስ ወፍራሙ ድምፅ ይቀንሳል፤ በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ጥልቅ ድምፅ ከሌለ ልጁ የሚማረው ትልቅ ክራር ነው። ገንዘቡ ካለ ጥሩ ክራር ይገዛበት።

በገና ለሚወዱ ወላጆች ግን የተሻለ አሳብ አለን፤ በገናውን ራሳችሁ ተማሩ። በብዙ አጥቢያዎች ሥልጠናው ለአዋቂዎችም ይሰጣል። አባት ወይም እናት በጾሙ ወራት ማታ ማታ ሲደረድሩ ከአጠገባቸው ተቀምጦ የሚሰማ ሕፃን፣ ዐሥር ዓመት ሲሞላው «እኔም ልማር» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ከልጁ ሲመጣና ከወላጅ ሲመጣ ፍጹም የተለያየ ነው።

የኪቦርዱ ጥያቄ

በከተማም በውጭ አገርም በብዙ ቤቶች አሻንጉሊት ኪቦርድ አለ። ሕፃኑ ይጫወትበት፤ ጠላት አናድርገው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያንን ዜማ በኪቦርድ ማስተማር አይገባም። ኪቦርድ አስቀድሞ በተወሰነ የድምፅ ርቀት የተሠራ ነው፤ በያሬዳዊው ዜማ ውስጥ ያሉ የሚንሸራተቱና የሚርገበገቡ ድምፆች በቁልፎቹ መካከል ይወድቃሉ። ገና ጆሮው እየተሠራ ያለ ልጅ ዜማውን በዚያ ከለመደ ኋላ ከመሪጌታው አፍ ሲሰማው የተሳሳተ ይመስለዋል። በአገልግሎትም ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ የዜማ መሣሪያዎች አሏት። ልጁ በዓለማዊ ትምህርት ቤቱ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን የሚማር ከሆነ ይማር፤ የምትና የማንበብ ችሎታው ይጠቅመዋል። ሁለቱን እንዳያደባልቅ ግን ወላጅ ይንገረው።

ሲገዛ

በየአድባራቱ አካባቢ ባሉ የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎችና በገበያው ብዙ መሣሪያ ይገኛል። ብዙው ግን ለመታየት እንጂ ለመመታት የተሠራ አይደለም። ለስጦታ የተዘጋጀ፣ በቀለም ያሸበረቀ ክራር መቃኛው ስለሚላላ አንድ መዝሙር ሳይጨርስ ቅኝቱ ይጠፋል። ልጁም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ስለዚህ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አዙራችሁ ተጣብቀው የሚቆሙ መሆናቸውን እዩ። አውታሩን ንኩና ጥቂት ቆይታችሁ እንደገና ንኩት፤ ድምፁ ከወረደ ተዉት። ቆዳውን በጣት መታ መታ አድርጉ፤ ሁሉም ቦታ እኩል የተወጠረ ይሁን። በእንጨቱ ላይ በተለይ ምሰሶው ከገበቴው ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ካለ አትግዙ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን መምህሩን ይዞ መሄድ ነው። እንዲያውም መምህር ሳይገኝ መሣሪያ ባይገዛ እንመርጣለን፤ በአጥቢያችሁ ከበሮ የሚያስተምር ብቻ ካለ ለልጃችሁ የሚመረጠው ከበሮ ነው፤ ክራር የሚያስተምር ካለ ክራር ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች ያላችሁ ምእመናን አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። ክረምት ላይ በማሞቂያ የሚደርቀው የቤት አየር ቆዳውን ይወጥረዋል፣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። መሣሪያውን ከማሞቂያው አርቁ፤ በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ በመደርደሪያ ውስጥ አኑሩት። በአውሮፕላን ስታመጡ አውታሮቹን ፈጽማችሁ ሳትፈቱ አላሉአቸው። በአፓርታማ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ከበሮ ከጎረቤት ሊያጣላ ይችላል፤ ቆዳው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ መለማመድ ይቻላል፤ ከሥሩም ወፈር ያለ ምንጣፍ ይነጠፍ። እንዲህ ባለ ቤት ክራር ቢቀድም አንቃወምም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ሕፃን በቀን ዐሥር ደቂቃ ቢለማመድ ይበቃዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ከማስጨነቅ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ይሻላል። ከማታ ጸሎት በፊት ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው፤ ልምምዱ ከጸሎቱ ጋር እየተያያዘ ይለመዳል። ክራሩን ሁልጊዜ ወላጅ ይቃኝለት፤ ባልተቃኘ ክራር የሚለማመድ ልጅ ጆሮው ይበላሻል። የተማረውን መዝሙር በእንግዳ ፊት «በል አሳይ» እያሉ ማስጨነቅ ግን መልካም አይደለም። ለምስጋና የተሰጠው መሣሪያ የውዳሴ ከንቱ መማሪያ ይሆንበታል። ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምርበት።

ልጁ ቢሰለችና «ተውኩት» ቢል ወዲያው መሣሪያውን አትሽጡ፤ ወዲያውም ሌላ አትግዙ። አንድ ወር ያሳርፉት፤ በዚያ ወር ዝማሬው አይቋረጥ፤ መሣሪያውም ከዐይኑ አይሰወር። ከወሩ በኋላ ተመልሶ ካልነካው መምህሩን አማክሩ፤ ምናልባት ክራር የያዘው ልጅ ሲፈልግ የነበረው ከበሮ ይሆናል። የገዛችሁትን ክራር ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ የሕፃናት ክፍል በውሰት ብትሰጡት ሌላ ልጅ ይጀምርበታል።